ለአባ በርናርዶ የሚሰጡ ትእዛዞች

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሉሊት፤

እንደምን ሰንብተሻል? ብርድ ሲገባ የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የምትጦሪያቸው ሲኞራሽስ ተሻላቸው ወይስ አሁንም «ቦርሳዬን ሰረቅሽኝ» እያሉ ያስለቅሱሻል? ያች ጓደኛሽ ቲጂ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ወንድማችን ኢሳያስ ከነቤተሰቡ ደህና ነው፣ የጫኖው ማንጎ ዘንድሮ እንደ ጉድ ይዟል፣ ሙቀቱም እንደምታውቂው ነው። ደህና ያልሆነው ናፍቆትሽ ብቻ ነው ልል ነበር፤ ግን ሌላም አለ።

ይህን በወረቀት ጽፌ ፎቶ እያነሣሁ በቴሌግራም የምልክልሽ ወድጄ አይደለም። በስልክ ስንገናኝ ወይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ወይ ሲኞራሽ ይጠሩሻል፣ ወይ እኔ አለቅስና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። የዛሬው ደግሞ መሐል ላይ እንዲቆረጥ የማልፈልገው ነገር ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ፤ አባ በርናርዶ አገራቸው ጣልያን ከገቡ ወዲህ እህል ውሃ እምቢ ብለዋል። ያሉት ሞዴና ነው፣ ያረጁ መነኮሳት በሚጦሩበት ቤት። ካንቺ ቦሎኛ በባቡር ቅርብ ነው ብለውኛል። በዕረፍት ቀንሽ ሄደሽ ውሃ እንድታጠጪልኝ ነው የምለምንሽ። ሳምንቱን ሙሉ አሮጊት ስታነሺና ስታስተኚ ሰንብተሽ፣ በዕረፍትሽ ደግሞ ሽማግሌ አጠጪ ማለት ግፍ መሆኑ አይጠፋኝም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢውና ከዚያ ፍረጂ።

አባን መቼም አትረሺያቸውም። በዚያች በምታጓራ ሞተራቸው ጫኖ ቤታችን ድረስ እየመጡ፣ ገና ከሩቅ «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ሰላምታ የሚወረውሩት ናቸው። እኛ ጋሞኛችንን በአማርኛ እያቦካን ስንናገር እሳቸው እንደ አገር ሽማግሌ አጥርተው ይናገሩት ነበር። አባታችን ጴንጤ፣ እሳቸው ካቶሊክ፤ ማንጎው ሥር ተቀምጠው በመጽሐፍ ቅዱስ ሲከራከሩ ይውሉና ሲመሽ አንዱ ሌላውን እስከ አስፋልቱ ይሸኘው ነበር። እማዬ ካረፈች በኋላ ቤቱን ኢሳያስ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ሞላው። ክፉ አይደሉም፣ በጣም ደግ ናቸው፤ ግን በሞላ ቤት ውስጥ እንግዳ መሆን ምን እንደሚመስል አንቺን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው የመነኮሳቱ ግቢ አባን የሚያስታምም ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ልብሴን ሸክፌ ገባሁ። አንቺ እዚያ የእነሱን አሮጊት፣ እኔ እዚህ የእነሱን ሽማግሌ! አንቺና እሳቸው ቦታ ብትለዋወጡ ሁሉም በየቤቱ ይገባ ነበር እያልኩ ብቻዬን የሳቅኩበት ቀን አለ።

የመርሳት ሕመምን ከሲኞራሽ ታውቂዋለሽ። አባን የበላቸው ግን በቋንቋ በኩል ነው። መጀመሪያ ጋሞኛው ሄደ። ከዚያ አማርኛው እየሳሳ መጣና «እሺ» እና «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ጣልያንኛቸው እንኳ አልቆየም። አንድ ቀን ጠዋት «ይነሡ አባ፣ ነጋ» ብላቸው እንደ ሌባ አዩኝና ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ምግብ ሳቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ለራሳቸው የሚያጉረመርሙት ነገር ነበር፣ እኔ ጸሎት መስሎኝ ትቼው ነበር። የመነኮሳቱ አለቃ አባ ጌታነህ ናቸው ጆሯቸውን አስጠግተው ሰምተው «ይሄ እኮ ላቲን ነው! ልጅ ሳሉ የሚናገሩት ላቲን!» ያሉት። ለካ እናታቸው ስትወልዳቸው ሞታ ገዳም ነው ያሳደጋቸው። በዚያ ቤት ልጆቹ ከጧት እስከ ማታ የሚታዘዙት በላቲን ነበር። ተነሥ፣ ና፣ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ተኛ፤ እናት ለልጇ የምትለውን ሁሉ እሳቸው የሰሙት በዚያ ቋንቋ ነው። ሌላው ሲረግፍ እሱ ቀረላቸው።

አባ ጌታነህ ደግሞ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚሉ ሰው ናቸው፣ ተቀምጠው ሊያጎርሷቸው አይችሉም። «ዕድላዊት፣ እንግዲህ ላቲን ተማሪ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ጋሽ ኦይታ ዘንድ ሄድኩ። የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪያችን የነበሩት ናቸው፣ በጉርምስናቸው ለቅስና ተምረው ጥለው የወጡት። አሁን ጡረታ ወጥተው ሲቀላ ገበያው አጠገብ፣ ከሐሊማ ሱቅ ጀርባ ብቻቸውን ይኖራሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ሙሉውን ለመማር ዕድሜም አይበቃሽ። ትእዛዙን ብቻ አስተምርሻለሁ። ለሕፃንና ለሽማግሌ እሱ ይበቃል» አሉኝ።

ነገሩ እንደፈራሁት አልነበረም። ቢቤሬ ማለት መጠጣት ነው፤ መጨረሻውን ቆርጠሽ ስትጥዪው ቢቤ ይቀራል፣ ጠጣ ማለት። ሴዴሬ መቀመጥ፣ ሴዴ ተቀመጥ። ቬኒ ና፣ ዶርሚ ተኛ፣ ማንዱካ ብላ። ባጃጅ ውስጥ ስደግመው ሾፌሩ በመስታወት እያየ በልሳን የምጸልይ መስሎት «አሜን» ብሎኛል። ለብዙ ሰው ሲሆን ሌላ መልክ አለው፣ ቢቢቴ፣ ሴዴቴ እያለ ይሄዳል። «እርስዎ ለማለትስ?» አልኳቸው። «እርስዎ የለም። ለጳጳስም ቢሆን አንተ ነው» አሉኝ። ሉሊት፣ ይሄን ጊዜ ደነገጥኩ። እኛ ጋ ሽማግሌ ራሱ ጠብ ሲያበርድ እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል እንጂ መቼ ያዛል? እኔ የእማዬ ልጅ፣ ነጭ ጢም ያላቸውን ሰው እንዴት አድርጌ ጠጣ ልበላቸው? ጋሽ ኦይታ ፊት እሺ አልኩና ቤት ስደርስ አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በራሴ ፍርድ፣ አክብሮት ይሁን ብዬ፣ ለብዙ ሰው የሚባለውን አልኳቸው። አባ መጀመሪያ ወደ ኋላቸው ዞሩ። ከዚያ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ደግሞ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ለሚመጡት ሰዎች ቦታ ለቀቁ! ይህን ለጋሽ ኦይታ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ነው የሳቁት።

በማግስቱ እንደ ምንም ደፈርኩ። ግን ባዶ ትእዛዝ ከአፌ አልወጣ ሲለኝ፣ እማዬ ለእንግዳ ውሃ ስንሰጥ «ቀምሰሽ ስጪ» ትለን የነበረው ትዝ አለኝና ከብርጭቆው መጀመሪያ እኔ ፉት አልኩ። ከዚያ ሰጠኋቸውና ቀስ ብዬ «ቢቤ» አልኩ። ቃሉን እንዲያለሰልስልኝ ነበር፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አባ ብርጭቆውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። እስከ ታች ጠጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃውንም፣ የቡላ አጥሚቱንም፣ መድኃኒቱንም የምንወስደው እንደዚያ ነበር። እኔ እቀምሳለሁ፣ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጠጣሉ። መድኃኒቱን እንኳ የቀመስኩ ለማስመሰል ምላሴን አስነካለሁ፣ እንዴት እንደሚመር አትጠይቂኝ።

ቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ጓደኛዬ ልክነሽ «የጳጳስ ቋንቋ ገብቶብሻል» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ትቀልድ። እነዚያ ወራት ለእኔ ደግ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሙዙ ጥላ ሥር እንቀመጣለን፣ ኩልፎ ከታች ሲያጉረመርም እሰማለሁ፣ ዝንጀሮ አጥሩን ሲዘል አባ በእጃቸው ያሳዩኛል። ብዙ ቃል የለንም፣ ያለንም ሁሉ ትእዛዝ ነው፣ ግን አይጎድለንም። እሳቸውም ያዙኝ ነበር እኮ! ዕቃ ሳነሣ ስጥል፣ ቆሜ ስንጎራደድ ሲያዩኝ፣ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ሴዴ!» ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ከእማዬ በኋላ ተቀመጪ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው ሉሊት። ሌላው ሁሉ ተነሺ ነው የሚለኝ።

ከዚያ ያው፣ ያረጀ መነኩሴ አገሩ ገብቶ ይታከም ተባለ። ሕክምናው እዚያ ይሻላል፣ ሐኪሙም ነርሱም አለ፣ እዚህ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይደርሳል፣ አሉ። ውሸት አይደለም። መኪናው የመጣ ቀን አባ የአልጋውን ራስጌ ጨብጠው አልላቀቅ አሉ። ሁለት ወንዶች ለመኗቸው፣ ሻንጣቸውን አሳዩዋቸው፣ የአገራቸውን ስም ጠሩላቸው። መጨረሻ ላይ አባ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ያላንቺ አይነሡም። እዘዣቸው» አሉኝ።

ማኔ የሚል ቃልም አውቅ ነበር። ቆይ ማለት ነው። ጋሽ ኦይታ ካስተማሩኝ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። አባ ጌታነህ ላቲን ስለሚያውቁ ማኔ ስል ይሰሙኛል ብዬ ፈርቼ ሳይሆን፣ እኔው ራሴ ሐኪም የሌለበት ቤት ውስጥ ይቆዩ የማለት ድፍረት ስላጣሁ አልተናገርኩትም። «ሱርጄ» አልኳቸው። ተነሥ። እጃቸውን ከአልጋው ላይ አነሡና ተነሡ። «ቬኒ» አልኳቸው። ኮሌታቸውን አስተካክለው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ልጅ ተከተሉኝ። መኪናው ውስጥ «ሴዴ» አልኳቸው፤ ተቀመጡ። ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ሴዴ» አሉኝ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ምን ላድርግ? አትፍራ ለማለት ላቲኑ መፍራትን አትፈልግ ይላል፣ ኖሊ ቲሜሬ ነው። እሱን ብዬ በሩን ዘጋሁት። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ በመስታወቱ ሳያቸው ወንበሩን መምታት አላቆሙም። ደግ ሠርቼ ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚነግረኝም ሰው የለም።

አሁን እዚያ የሚጦሯቸው ሰዎች ክፉ አይደሉም። ለመመገብ ይደክማሉ፣ ላቲን የሚችል ቄስም አምጥተውላቸው ነበር። ግን በማንኪያ ቢሉ፣ በሲኒ ቢሉ እምቢ። በጉሉኮስ ነው ያሉት። ሐኪሙ ሰውዬው ለመኖር አልፈለጉም፣ አናስገድዳቸው ብሏል አሉ። አባ ጌታነህ ጨንቋቸው በቪዲዮ አገናኙኝ። ፊታቸው እንዴት እንደከሳ! አንዲት ነርስ ብርጭቆውን ያዘችላቸው፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቢቤ!» አልኩ። ድምፄን አወቁት ሉሊት፤ ቀና አሉ። ብርጭቆውን ተቀበሉና ወደ ስልኩ ገፋ አደረጉት። ነርሷ በጣልያንኛ «አየሽ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይገፉታል» አለች፣ አባ ጌታነህ ተረጎሙልኝ፤ ብርጭቆውንም ወሰደችባቸው። ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ።

ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ ነው የገባኝ። አባ መቼ ገፉት? እየሰጡኝ ነበር። ቀድመሽ ቅመሺ ማለታቸው ነው። ለእነዚያ ሰዎች ሁሉ ብርጭቆውን ሲዘረጉላቸው የከረሙት ለዚያ ነው፤ እነሱ ደግሞ እምቢታ እየመሰላቸው ይወስዱታል። ውሃ የሚያመጣ ሰው ቀምሶ እንደሚሰጥ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ያገሬን ልማድ ይዘው ሄደው በሰው አገር ተጠሙበት። ለአባ ጌታነህ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ደውለው ነገሯቸው፣ ግን እዚያ ከታማሚ ብርጭቆ መጠጣት በንጽሕና ሕግ ክልክል ነው ተባሉ። ዳግመኛ በስልክ ሳገኛቸው ብርጭቆ ይዤ እዚህ ጠጣሁላቸው። አላዩትም። በስልክ የተጠጣ ውሃ አያምኑም መሰለኝ።

ስለዚህ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ዘመድ ከሆንሽ የሚከለክልሽ የለም፤ አባ ጌታነህ «የአስታማሚያቸው እህት ናት፣ እንደ ዘመድ ትታይ» ብለው በር ላይ አስነግረውልሻል። ስትገቢ አታናግሪያቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጪና እስኪለምዱሽ ዝም በዪ። ውሃውን ራስሽ ቅጂ። ፉት በዪ፣ የማስመሰል እንዳይሆን፣ እሳቸው ያውቃሉ። ከዚያ በሁለት እጅሽ ስጪና ቢቤ በዪ፣ ቀስ ብለሽ። ቃሉ ቢጠፋሽ በጋሞኛም በዪው፣ ዋናው እሱ አይደለም። ያን እኔ የተሳሳትኩትን ቢቢቴንም ብትዪ አንቺ አትሳሳቺም፣ ጠጪዎቹ ሁለት ናችሁና። እምቢ ካሉሽ እምቢ ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያ የጌታ ፈቃድ ነው፣ በአንቺ አላዝንም። ግን በዚህ ምድር ላይ ውሃ ጠምቶት በጨዋነቱ ምክንያት የሚሞት ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

እኔ አሁንም ግቢው ውስጥ ነኝ፣ ቤቱን ጠብቂ ብለውኛል። ጋሽ ኦይታ ዘንድ ትምህርቱን አልተውኩም፤ የምን ትእዛዝ፣ ለማን ነው የምትማሪው የሚል አልጠፋም። እሳቸው አይጠይቁኝም። ሁለታችንም ብቸኞች ነን፣ መጽሐፉ ሰበብ ነው። ትናንት ምሳ ላይ ውሃ ቀዳሁ፣ ፉት አልኩ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ባዶው አግዳሚ ላይ ዘረጋሁት። እጄ እዚያው አየር ላይ ቆየ። ያንቺም እንጀራ እንዲህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲኞራሽ ከተኙ በኋላ ኩሽና ውስጥ ቆመሽ እንደምትበዪ ቲጂ ነግራኛለች። ለምን ደበቅሽኝ?

ለሲኞራሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ቦርሳቸውን ዐርባ ምንጭ ያለች እህቴ አግኝታዋለች በያቸው። ለቲጂ፣ ዝንጅብሉን ትጠጣ፣ ኩራቷን ትተው። ኢሳያስና ባለቤቱ ምኞት ሰላም ይሉሻል፤ ልጃቸው አቢጋኤል ጥርሷ ወልቆ «አክስቴ ሳታየኝ ይበቅላል» እያለች ታስቸግራለች። ሐሊማ ከሱቋ ሆና «የኔን ሰላምታ አስቀድሚ» ብላኝ ነበር፣ ኋላ ስላመጣሁት ይቅር ትበለኝ። ጋሽ ኦይታ «ለዚያች ድርሰቷ ለሚረዝም ተማሪዬ» ብለውሻል። ለአባ በርናርዶ ግን ሰላምታ አልልክም፣ ቃሉ አይገባቸውም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አድርገው «ሴዴ» ካሉሽ፣ ባቡሩ ቢያመልጥሽም ተቀመጪ። እኔ ያልታዘዝኩትን አንቺ ታዘዢልኝ።

እህትሽ ዕድላዊት

ዐርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ዳር
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.